የሚጮኽ ምድጃ ንጽሕና የጐደለው ምድጃ ነው

ስለ ቤት ንጽሕና በተነገረ ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ ወደ ሰው አሳብ የሚመጣው የመጸዳጃ ቤት፣ የመጠጥ ውሃና የግቢ ጥራጊ ነው። ይህም የተገባ ነው፤ ከእነዚህ ከሦስቱ ጉድለት የሚመጣው በሽታ ብዙ ነውና። ነገር ግን በየቤቱ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ እሳት የሚነድበት፣ እናት ፊቷን አቅርባ የምትቆምበት፣ ሕፃንም በጀርባዋ ታዝሎ ያንኑ አየር የሚተነፍስበት የምድጃ ነገር ከንጽሕና ትምህርት ውጭ ሆኖ ቆይቷል። ምድጃው ከነደደ ደኅና ነው፤ ካልነደደም የጠጋኝ ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፋል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንወደው፣ ምድጃን ማጽዳትና መጠገን የእጅ ሥራ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤና አጠባበቅ ዋና ክፍል መሆኑን ነው።

ለዚህ አሳባችን መነሻ ያደረግነው ምድጃ የሚያሰማውን ድምፅ ነው። አንድ ምድጃ ትናንት ያላሰማውን ድምፅ ዛሬ ማሰማት ቢጀምር፣ ቢያጓራ ወይም ሲጥ ሲጥ ቢል፣ ሳል እንደ ጀመረው ሰው ሊቈጠር ይገባል። ሳል ራሱ በሽታ አይደለም፤ በውስጥ ያለውን በሽታ የሚናገር ምልክት ነው እንጂ። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። የሚጮኽ ምድጃ በሽታውን አልደበቀም፤ ያጣው ነገር ቢኖር የሚሰማ ጆሮ ብቻ ነው።

ድሬዳዋ ከመኪና ድምፅ ጋራ የተወለደች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ደረሰ፤ ከተማይቱም በሐዲዱ ዳር ተቈረቈረች። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ትልቁ የጥገና ቤት በድሬዳዋ ቆየ። ድምፅን ሰምቶ የጉድለትን ስፍራ መለየት የጠጋኝ ሁሉ የመጀመሪያ ትምህርት ስለ ሆነ፣ ሕዝቡ «ሽመንደፈር» ብሎ በሚጠራው በዚያ መሥሪያ ቤት ላደጉ ቤተ ሰቦች የምንናገረው ነገር አዲስ አይሆንባቸውም።

በመልካ ጀብዱ አቅጣጫ የተሠራው የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክም የዚያ ልማድ ወራሽ ሊሆን የሚገባው ስፍራ ነው። በ2014 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የአገሪቱ የመጀመሪያው የነጻ ንግድ ቀጠና በድሬዳዋ መመረቁ ይታወሳል። በእንዲህ ያለ የፋብሪካ ስፍራ የስፌት መኪና ቢንኳኳ ወይም ማራገቢያ ቢያጓራ፣ የሥራው ደንብ መኪናው እንዲቆም፣ ጠጋኙ እንዲጠራ፣ አቧራው እንዲጠረግ፣ የላላው ብሎን እንዲጠብቅ ያዛል። ይህን ደንብ ባለሙያዎች ቅድመ ጥገና ይሉታል፤ ፍሬ ነገሩም ከመሰበር በፊት መጠበቅ ማለት ነው። ታዲያ ያው ሠራተኛ ማታ ወደ ሳቢያን ወይም ወደ ገንደ ቆሬ ሲመለስ የቤቱን ምድጃ ሲጮኽ ቢያገኘው ምን ያደርጋል? ብዙ ጊዜ ራዲዮኑን ከፍ ያደርጋል፤ አለዚያም የማድ ቤቱን በር ዘግቶ ይቀመጣል። ለአሠሪው መኪና የሚሰጠውን ጆሮ ለልጆቹ ማብሰያ ይነፍጋል። ይህ እንዲለወጥ እንፈልጋለን።

በቤቶቻችን የሚገኙት ምድጃዎች ብዙ ዓይነት ናቸው። ከጥንት የወረስነው ባለሦስት ጉልቻ አለ። ከእርሱ ቀጥሎ በከተማ ቤቶች የታወቀው «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ፣ ለእንጀራ መጋገሪያም «ምርጥ» የተባለው በሲሚንቶ የሚሠራ ምድጃ አለ። የላምባ ምድጃና የኤሌክትሪክ ምድጃም አሉ። በአገራችን ገና ያልተስፋፋ፣ በሌላው ዓለም ግን እየታወቀ የሄደ አንድ ሌላ ዓይነት ደግሞ ፔሌት በተባለ ማገዶ የሚነደው ነው። ፔሌት ማለት የእንጨት ብናኝ፣ የቡና ገለባ ወይም ሌላ ተረፈ ምርት ደርቆና በመኪና ተጨምቆ፣ ስፋቱ 6 ወይም 8 ሚሊሜትር ሆኖ እንደ ትንሽ ከሰል ቍራጭ የሚወጣ የማገዶ ፍሬ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ብርድ አገሮች ክፍል ለማሞቅ ይጠቀሙበታል፤ በአፍሪካ ደግሞ በሩዋንዳና በሌሎችም አገሮች ለምግብ ማብሰያ ተሞክሯል።

ስለዚህ ምድጃ ለድሬዳዋ አንባቢ መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። በሐረርጌ የቡና ገለባና የማሽላ አገዳ ሞልቷል። ከቀፊራ ገበያና ከየጫት ተራው በየቀኑ የሚጣለው ገረባ የከተማውን ጐዳና ያቆሽሻል። በአፋር ሜዳና በአካባቢያችን የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻማ ዛፍም የግጦሹን መሬት እየወረሰ ነው። ይህን ሁሉ ወደ ማገዶ የመለወጥ አሳብ ደጋግሞ የሚነሣ ስለ ሆነ፣ ምድጃው ከመምጣቱ በፊት የምድጃው እንክብካቤ ቢታወቅ ይሻላል እንላለን።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ፍሬው በሚነድበት ጽዋ ዙሪያ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች አሉ። ቬንትሌተር የምንለው ትንሽ ማራገቢያ በባትሪ ወይም በመብራት ኀይል እየዞረ አየሩን በቀዳዳዎቹ ይነፋል። ማገዶው በመጀመሪያ በሙቀት ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙም ከላይ ከሚመጣው አየር ጋራ ተቀላቅሎ ይነዳል። አየሩ በቂ ሲሆን ነበልባሉ ንጹሕ፣ ጢሱም እጅግ ጥቂት ይሆናል። ክፍል የሚያሞቀው ትልቁ ዓይነት ደግሞ ፍሬውን ከማጠራቀሚያው ወደ እሳቱ የሚያደርስ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ዘንግ፣ ጢሱንም ወደ ውጭ የሚያወጣ ቧንቧ አለው። እንግዲህ የዚህ ምድጃ ሕይወት አየር መሆኑን እናስተውል። አየሩ የተዘጋበት እንደ ሆነ ከጉልቻ የሚሻልበት ምክንያት አብሮ ይጠፋል።

ድምፁም የሚለወጠው ከዚሁ የተነሣ ነው። ምድጃው እየተንቀጠቀጠ የሚያጓራ ከሆነ፣ በማራገቢያው ክንፎች ላይ ዐመድና አቧራ ተለጥፎ ሚዛናቸውን አጥፍቷል ማለት ነው። ሲጥ ሲጥ የሚል ቀጭን ጩኸት ከተሰማ፣ ማራገቢያው የሚዞርበት ኩሽኔታ ደርቋል ወይም አልቋል። የሚንቋቋ ከሆነ አንድ ብሎን ወይም ክዳን ላልቷል። እንደ ወፍጮ የመፍጨት ድምፅ ካለ፣ የማገዶው ዱቄት በሚያደርሰው ዘንግ ዙሪያ ተጠቅጥቋል። ፉጨት ከተሰማ ደግሞ የበሩ ማሸጊያ፣ በጋራዥ ቋንቋ ጓርኒሲዮን የሚባለው፣ አልቆ አየር በማይገባው መንገድ እየገባ ነው። ከነዚህ ከብዙዎቹ በስተኋላ የምናገኘው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ያልተጠረገ ዐመድና አቧራ ነው።

የድምፁን ጕዳት ማጋነን አንወድም። ባለሙያዎች ለጆሮ አስጊ የሚሉት በቀን 8 ሰዓት ያህል የሚሰማ የ85 ዴሲቤል ጩኸት ነው፤ የቤት ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ አይደርስም። ስለዚህ የሚያሳስበን ጆሮ ሳይሆን ሳንባ ነው። ማራገቢያው ሲከብድበት አየሩ ያንሳል፤ አየሩ ሲያንስ ነበልባሉ ቢጫና ሰነፍ ይሆናል፤ ጥላሸት ይበዛል፤ ጢሱም ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የጢሱ ነገር ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ አየር መበከል ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል፤ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። በጢሱ ውስጥ የሚገኘው፣ ከሰው ጠጕር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል የሚያንሰው ብናኝ አፍንጫና ጕሮሮ ሳያግደው ወደ ሳንባ ጥልቅ ይገባል፤ የሳንባ ምች፣ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ የልብ በሽታና ስትሮክ ያስከትላል። ሌላው የተደበቀ ጠላት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው። ቀለምና ሽታ የለውም፤ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኀይል ከደም ጋራ ይጣበቃል፤ ሰውም እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሳይነቃ ይቀራል። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው ያደሩ ሰዎች የሚሞቱት በዚሁ ነው።

በድሬዳዋ ደግሞ መስኮት የሚዘጋበት ሌላ ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ የተባለው በሽታ በከተማችን መነሣቱ ይታወቃል፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ናት። ሕዝቡ ትንኝን ፈርቶ መስኮቱን መዝጋቱ አያስወቅሰውም፤ ነገር ግን ትንኝን ከውጭ አስቀርቶ ጢስን ከውስጥ ማሰር አንዱን በሽታ በሌላው መለወጥ ነው። መድኃኒቱ መስኮቱን በወንፊት ሽቦ ሸፍኖ አየር እንዲገባ መተውና ምድጃውን ንጹሕ አድርጎ መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ምድጃው መጮኽ የጀመረበት ቤተ ሰብ የሚከተለውን በተራ ቢያደርግ ብዙ ጊዜ ጩኸቱ ያለ ወጪ ይወገዳል።

1ኛ፤ ምድጃው ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅ፤ የመብራቱም ገመድ ይነቀል ወይም ባትሪው ይለይ። ትኩስ ዐመድ የደበቀው ፍም ከአንድ ቀን በኋላ እንኳ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ የሚወጣው ዐመድ ክዳን ባለው የቆርቆሮ ዕቃ ተደርጎ ከቤት ውጭ ይቀመጥ እንጂ በላስቲክ ቅርጫት ወይም በካርቶን አይጣል።

2ኛ፤ የሚያጸዳው ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ሥራው በደጅ ይሁን፤ ሕፃናትም ይራቁ። ዐመድን በአፍ እፍ ማለት የተለመደ ቢሆንም፣ ዐይንንና ሳንባን የሚጎዳ ነውና ይቅር።

3ኛ፤ እሳቱ የሚነድበት ጽዋ ይፋቅ። ዐመዱ ቀልጦ እንደ ድንጋይ የረጋበት እንደ ሆነ በብረት ጫፍ ይነቀል፤ የአየር ቀዳዳዎቹም አንድ በአንድ በሽቦ ይከፈቱ።

4ኛ፤ ማራገቢያው በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፤ ውሃ አይንካው። በሚጠረግበት ጊዜ ክንፎቹ እንዳይጣመሙ በእጅ ቀስ ተብለው ይያዙ። ዘይት የሚቀባው ሠሪው የፈቀደው እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ ትናንሽ ማራገቢያዎች ኩሽኔታቸው የታሸገ ስለ ሆነ፣ ከተጠረጉ በኋላም ሲጥ ማለታቸውን ካልተዉ መለወጥ እንጂ መቀባት አያድናቸውም። የላሉት ብሎኖች ሁሉ ይጥበቁ።

5ኛ፤ በር ያለው ምድጃ እንደ ሆነ አንዲት ቀጭን ወረቀት በበሩ ተይዛ ትሳብ። ያለ ችግር የምትወጣ ከሆነ ማሸጊያው አልቋልና ይለወጥ። የጢስ ቧንቧ ያለው እንደ ሆነም ጥላሸቱ ይጠረግ፤ ወፍ ጎጆ እንዳልሠራበትም ይታይ።

6ኛ፤ ማገዶው በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ፤ ዱቄቱም በወንፊት ይለይ። እርጥበት ያለው ማገዶ ያብጣል፣ ይፈረካከሳል፣ ጢሱም ይበዛል።

7ኛ፤ በመጨረሻ በርና መስኮት ተከፍቶ ምድጃው ይነደድ፤ ድምፁ ይደመጥ፤ ነበልባሉም ይታይ። ጩኸቱ ከቀጠለ ወይም ራስ የሚያዞር ነገር ከተሰማ እሳቱ ጠፍቶ ባለሙያ ይጠራ።

ይህ ሁሉ በየስንት ቀኑ ይደረግ የሚል ጥያቄ ይነሣል። በውጭ አገር የታተመው የመመሪያ ወረቀት ለኛ ብቻውን የሚበቃ አይደለም። በአውሮፓ ጥሩ ከሚባለው የእንጨት ፔሌት የሚቀረው ዐመድ ከመቶ 1 እጅ በታች ነው፤ ከገለባና ከአገዳ የሚሠራው ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ዐመድ ያወጣል፤ ዐመዱም ቶሎ ቀልጦ የሚረጋ ነው። በዚህ ላይ የድሬዳዋ አቧራና ነፋስ አለ። ስለዚህ ጽዋው በየዕለቱ፣ የአየር ቀዳዳዎቹ በየሳምንቱ፣ ማራገቢያው ደግሞ ቢያንስ በየወሩ ቢታዩ መልካም ነው ብለን እናስባለን። ልጅን ዘወትር ማጠብ ልማድ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ይህም ልማድ ሊሆን ይችላል።

ፔሌት የሌለው አንባቢ ነገሩ አይመለከተኝም እንዳይል እንለምነዋለን። እ.ኤ.አ. በ1892 በስዊድን ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት የፈለሰፈው፣ በእኛም ዘንድ ፕሪሙስ ተብሎ የታወቀው ባለፓምፕ የላምባ ምድጃ በተፈጥሮው የሚያጓራ ነው። የእርሱ አደጋ የሚታወቀው በማጓራቱ ሳይሆን ማጓራቱ ሲለወጥ ነው፤ ነበልባሉ እየተቈራረጠ ቢተፋ የላምባው መውጫ ተደፍኗልና በመርፌው ይከፈት። ይህን ስንል ግን ላምባ ራሱ ለቤት የሚመከር ማገዶ እንዳልሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ አገልግሎቱ እንዲቀንስ መምከሩን እናስታውሳለን። ላቀች ምድጃ አይጮኽም፤ ውስጡ ያለው የሸክላ ገላ ሲሰነጠቅና ወንፊቱ ሲደፈን ግን በዝምታ ከሰል ይበላል። ምርጥ ምድጃ ከጉልቻ ጋራ ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል እንደሚያድን ይታወቃል፤ ይህ ግን የክፍሎቹ መጋጠሚያ በጭቃ እንደ ተመረገ ሲኖር ነው። ድምፅ የሌለው ምድጃ በግድግዳ ላይ በሚያሳርፈው ጥላሸት ይናገራል።

አሁን የአሳባችን ዋና ነገር ወደ ሆነው እንደርሳለን። ጥሩ ምድጃ ማደል ብቻ ጤናን አያመጣም። በህንድ አገር በኦሪሳ ክፍለ ሀገር ከ2,600 በላይ በሚሆኑ ቤተ ሰቦች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2016 በመጽሔት የታተመው ጥናት ይህን ይመሰክራል። ለቤተ ሰቦቹ የጢስ መውጫ ያለው የተሻሻለ ምድጃ ተሰጠ፤ ተመራማሪዎቹም እስከ 4 ዓመት ተከታተሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሰዎቹ የሚተነፍሱት ጢስ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ግን ጥቅሙ ጠፋ፤ የጤናም ለውጥ አልታየም። ምክንያቱም ሰዎቹ ምድጃውን ዘወትር አልተጠቀሙበትም፤ አልጠገኑትም፤ በመጨረሻም እየተዉት ሄዱ። በማላዊ ደግሞ 10,750 ሕፃናትን ያካተተ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ነበረ፤ ለቤተ ሰቦቹ የታደለው ምድጃ በፀሐይ ኀይል የሚሞላ ባትሪና ማራገቢያ ያለው ነበር። የሳንባ ምች በነዚህ ቤቶች ከሌሎቹ አልቀነሰም። በአካባቢው የቆሻሻ ማቃጠልና ሌላም ጢስ ነበረ፤ ምድጃዎቹም ደጋግመው ጥገና ይሹ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ተስፋ መቍረጥን አይደለም። በሩዋንዳ በሰዎች ቤት የፔሌት ምድጃን ጢስ ለክተው እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙ ተመራማሪዎች፣ በትክክል የተያዘው ምድጃ ከእንጨትና ከከሰል እጅግ ያነሰ ጢስ እንደሚያወጣ አግኝተዋል። እንግዲህ ምድጃው ራሱ አይወቀስም። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የተባለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል፤ ምድጃው ተለውጦ አያያዙ ካልተለወጠ፣ ወጡም ሳንባውም እንደ ቀድሞው ይሆናል።

በዚህ አሳባችን ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ እናውቃለን። አንደኛው «የኤሌክትሪክ ኀይል እየተስፋፋ ነው፤ ስለ ምድጃ ማጽዳት መድከም ለምን?» የሚል ነው። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በ2017 ዓ.ም. በጳጉሜን ወር ተመርቋል፤ በቤት ውስጥ ከኤሌክትሪክ የበለጠ ንጹሕ ማብሰያ እንደሌለም እናምናለን። ሆኖም መብራት በጠፋ ጊዜ ቤተ ሰቡ የሚመለሰው ወደ ከሰሉ ነው፤ የተከራየ ሰውም ሁልጊዜ የኤሌክትሪክ ምድጃ የመጠቀም ፈቃድ አያገኝም። የኤሌክትሪክ ምጣድም ቢሆን ሶኬቱ ሲግል፣ ሽቦው ሲላጥ ጥገና ይሻል። የመጠበቅ ልማድ የሌለው ቤት የትኛውንም ምድጃ ቢያገኝ ያበላሸዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የከበደ ነው። ውሃ መቅዳቱ፣ ልጅ ማሳደጉ፣ መጋገሩ ሳይበቃ በእናቶች ላይ ሌላ ሥራ ትጨምራላችሁ የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። ስለዚህ የምድጃው ጽዳት የእናት ብቻ ሥራ እንዲሆን አንስማማም። በፋብሪካ የመኪና ብሎን የሚያጠብቅ አባት፣ በቤቱ የምድጃ ብሎን ቢያጠብቅ ክብሩ አይቀንስም። እንዲያውም ጢሱን እርሱ እንደ ሚስቱ ለሰዓታት ቆሞ ስለማይተነፍስ፣ ይህን ዕዳ መክፈል የሚገባው እርሱ ነው። ከምግቡ ለመካፈል የተቀመጠ ሁሉ ከዐመዱም ይካፈል።

ከዚህ በላይ በተጻፈው መሠረት የሚከተለውን እናሳስባለን።

እናንት መምህራን ሆይ፤ ስለ አየርና ስለ እሳት በሳይንስ ትምህርት በምታስተምሩበት ጊዜ የቤት ምድጃ ምሳሌ ይሁናችሁ። ተማሪው የቤቱን ምድጃ ሲነድ ይይ፤ ነበልባሉ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ ግድግዳው መጥቈሩን፣ ድምፁ መለወጡን በደብተሩ ጽፎ ያምጣ። ልጆች ትኩስ ምድጃና የኤሌክትሪክ ሽቦ እንዲነኩ አይፈቀድላቸው፤ ነገር ግን አይተውና ሰምተው ለወላጆቻቸው መንገር ይችላሉ። በብዙ ቤት ከሐኪም ቃል ይልቅ የልጅ ቃል ቶሎ ይሰማል።

ምድጃ የምታድሉ ድርጅቶችና የምትሸጡ ነጋዴዎች ሆይ፤ ከእያንዳንዱ ምድጃ ጋራ ብሩሽ፣ የቀዳዳ መክፈቻ ሽቦና መለዋወጫ ማሸጊያ አብራችሁ ስጡ። የአያያዙም ወረቀት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይጻፍ፤ በድሬዳዋ የሚኖር ሰው ሁሉ በሚረዳው ቋንቋ የደረሰው ምክር ነው ምክር የሚሆነው። ሥራችሁንም በታደለው ምድጃ ቍጥር አትለኩ፤ ከ2 ዓመት በኋላ ያለ ጢስ በሚነደው ምድጃ ቍጥር ለኩ። የታደለ ምድጃ በግቢ ጥግ ዝጎ የዶሮ ማደሪያ ቢሆን፣ በሪፖርት ላይ ያለው ቍጥር ለማን ይጠቅማል?

በኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትሠሩ ባለሙያዎችና አሠሪዎች ሆይ፤ የኤሌክትሪክና የመኪና ጥገና ዕውቀት በእጃችሁ አለ። በወር አንድ ማታ ሠራተኛው የቤቱን ምድጃ ይዞ መጥቶ ማራገቢያውን የሚያጸዳበትና የሚማርበት ስፍራ ቢዘጋጅ፣ የሚጠይቀው አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ብሩሽና ፈቃደኛ ሰው ነው። ቤቱ ጢስ ያልሞላበት ሠራተኛ ጤናማ ሆኖ ይውላል፤ ልጁ የታመመበት ሠራተኛ ግን በመኪናው ፊት ቢቆምም ልቡ በሐኪም ቤት ነው።

ቤት አከራዮችም ሆይ፤ አንድ ክፍል ለአንድ ቤተ ሰብ በምታከራዩበት ጊዜ ምድጃ የሚቀመጥበትን ስፍራ አስቡ። ወንፊት ሽቦ ያለው መስኮትና ከጣሪያ በታች የተከፈተ የጢስ መውጫ ከኪራዩ ገንዘብ ብዙ የሚቀንሱ ነገሮች አይደሉም።

እኛ ይህን የምንጽፈው ምድጃን ማጽዳት በሽታን ሁሉ ያጠፋል ለማለት አይደለም። ጉልቻው ሲጸዳ ጉልቻ መሆኑን አይተውም፤ ደካማ ምድጃም በብሩሽ ብቻ ብርቱ አይሆንም። የምንለው ይህን ነው፤ በእጃችን ያለውን ጥሩ ነገር በቸልተኝነት ወደ መጥፎ አንለውጥ። የአንድ ብሩሽ ዋጋ ከአንድ ምድጃ ዋጋ ጋራ፣ የአንድ ምድጃም ዋጋ ከአንድ ሕፃን ሳንባ ጋራ አይነጻጸርም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው በምድጃ ዘንድ እንደ ቃሉ እውነት ነው። ስለዚህ ምድጃው ዛሬ ማታ የጮኸበት አባወራና እማወራ ነገ ማለዳ፣ እሳት ሳይነድ በፊት፣ ዐመዱን አውጥተው ማራገቢያውን ይጥረጉ።